በቴፕ ክር ላይ የቀረ ድምፅ

ሙዚቃ ሲባል በብዙዎቻችን ዐሳብ የሚመጣው ክራር የሚደረድር፥ ማሲንቆ የሚመታ፥ ወይም በአፉ የሚያዜም ሰው ነው። ካለፈው መቶ ዘመን አጋማሽ ወዲህ ግን ሌላ ዓይነት የሙዚቃ ደራሲ ተነሥቷል። ይህ ደራሲ በሥራ ጠረጴዛው ላይ የሚዘረጋው የኖታ ወረቀት ሳይሆን ምላጭ፥ ማስመሪያና የቴፕ ክር ነው። የደወሉን ጩኸት፥ የበሩን ሲጥታ፥ የሰውን ሳቅ በክር ላይ ይቀዳል፤ ከዚያም ይቆርጠዋል፥ ይቀጥለዋል፥ ወደ ኋላ ያስኬደዋል፥ ያፈጥነዋል ወይም ያዘገየዋል። በመጨረሻ የሚወጣው ድምፅ ከምን እንደ ተሠራ ማንም የማያውቀው ይሆናል።

የቴሌቪዥን ድራማ ይህን ጥበብ ገና ከጥንቱ ተሻምቶ ወስዶታል። በድራማው ውስጥ ያለው ሰው በሩን ከመክፈቱ በፊት የተመልካቹ ልብ የሚደነግጠው፥ ዓይኑ አንዳች ነገር አይቶ ሳይሆን ጆሮው ቀድሞ ስለ ሰማ ነው። ይሁን እንጂ የተዋናዩን ስም ጠይቀን ስናበቃ ያንን ድምፅ የሠራው ማን እንደ ሆነ ለመጠየቅ ያሰብን ምን ያህል ነን?

ይህን ጉዳይ ዛሬ ለአንባቢዎቻችን ለማቅረብ የተነሣነው የባሕር ማዶ ወሬ ለማውራት ብቻ አይደለም። ከዚህ ጥበብ የመጀመሪያ ሥራዎች አንዱ በጎንደር፥ በእስቴም ሆነ በጋይንትና በስማዳ፥ ስሙ በሚገባ ከሚታወቀው ከዛር ጋር የተያያዘ ነው። ሥራውን የሠሩትም ሰው ኋላ ወደ አገራችን መጥተው አስተምረዋል። ከዚህም በላይ እንዲህ ያሉት ድምፆች በምን ዕድል ለዛሬ እንደ ደረሱ፥ በምንስ ምክንያት እንደ ጠፉ ስንመለከት፥ ለመካነ ኢየሱስ ተማሪም ሆነ በወረዳ ጽሕፈት ቤት ለሚሠራው ወጣት የሚበጅ ቁም ነገር እናገኝበታለን። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ «ዓ.ም.» ካላልን በቀር ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይረዳልን።

የካይሮው ዛር

ሃሊም ኤል ዳብ በ1921 በካይሮ ከተማ የተወለዱ ግብጻዊ ናቸው። በዩኒቨርሲቲ የተማሩት የእርሻ ትምህርት ቢሆንም ነፍሳቸው ያለችው በሙዚቃ ላይ ነበር። በ1944 በካይሮ ከሚገኘው የመካከለኛው ምሥራቅ ሬዲዮ ጣቢያ አንድ መሣሪያ ተዋሱ። በዚያን ጊዜ የቴፕ ክር ገና በየአገሩ አልተዳረሰም ነበርና ይህ መሣሪያ ድምፅን የሚቀዳው እንደ ፀጉር በቀጠነ የብረት ሽቦ ላይ ነበር። ሽቦው በመግነጢስ ፊት ሲያልፍ የድምፁ ሞገድ በላዩ ላይ ይታተምበታል።

ወጣቱ ሃሊም መሣሪያውን ይዘው ወደ ሙዚቃ አዳራሽ አልሄዱም። የሄዱት ሴቶች ተሰብስበው ዛር ወደሚያስጨፍሩበት ቤት ነው። ሥርዓቱ የሴቶች ስለ ነበረ፥ ኋላ እንደ ተናገሩት፥ ከአንድ ጓደኛቸው ጋር እንደ ሴት ተከናንበው ገቡ። ዘፈኑንና ከበሮውን በሽቦው ላይ ቀድተው ወደ ሬዲዮ ጣቢያው ተመለሱ።

አዲስ ነገር የተጀመረው ከዚህ በኋላ ነው። ማንኛውም ድምፅ ሲመታ አንድ ዋና ድምፅ አለው፤ ከዚያ በላይ ደግሞ ተከትለውት የሚመጡ ቀጫጭን ድምፆች አሉ። ይህን ለመረዳት የቤተ ክርስቲያን ደወል ማዳመጥ ይበቃል። ምቱ ካለፈ በኋላ በአየር ላይ ሲያንሳፍፍ የሚቆየው ያ ረቂቅ ዜማ ነው። ሃሊም ኤል ዳብ ከዛሩ ዘፈን ላይ ዋናውን ድምፅ እየቀነሱ ረቂቁን አስቀሩ፤ በጣቢያው የማስተጋቢያ ክፍሎች ውስጥ እያሰሙ እንደገና ቀዱት። የሴቶቹ ቃል ጠፋ፤ የቀረው ከሩቅ እንደሚሰማ የነፋስና የሰው ድብልቅ ሆነ። ሥራው «የዛር መግለጫ» የሚል ስም ተሰጥቶት በዚያው ዓመት በካይሮ የሥነ ጥበብ ማሳያ አዳራሽ ለሕዝብ ተሰማ።

በመጻሕፍት ዘንድ የዚህ ጥበብ አባት ተብለው የሚጠሩት ፈረንሳዊው ፒየር ሼፈር ናቸው። ነገር ግን ሼፈር በፓሪስ ሬዲዮ በባቡር ድምፅ የሠሩት የመጀመሪያ ሥራቸው የተሰማው በ1948 ነው፤ ይኸውም ከካይሮው ዛር አራት ዓመት በኋላ መሆኑ ነው።

ዛርና ቴአትር

ብዙ ተመራማሪዎች እንደሚያምኑት ዛር ወደ ሱዳንና ወደ ግብጽ የተሻገረው ከኢትዮጵያ ነው። ስለ ዛር ከተጻፉት የውጭ መጻሕፍት ውስጥም ዋነኛው የተጻፈው በጎንደር ላይ ነው። ፈረንሳዊው ሚሼል ሌሪስ፥ በማርሴል ግሪዮል ከሚመራውና ከዳካር ተነሥቶ እስከ ጅቡቲ ከተጓዘው የጥናት ቡድን ጋር በ1932 ጎንደር ገብተው፥ መልካም አየሁ በተባሉት ባለ ዛር ቤት እየተመላለሱ ያዩትን ሁሉ በማስታወሻ ደብተር ይጽፉ ነበር። ከብዙ ዓመት በኋላ በ1958 ባሳተሙት መጽሐፍ ዛርን የመረመሩት እንደ በሽታ ወይም እንደ አምልኮ ብቻ ሳይሆን እንደ ቴአትር ጭምር ነው።

ይህ አስተያየት ለነገራችን ይረዳናል። ዛር የሰፈረባት ሴት ድምፅዋን ትለውጣለች፤ አንዴ እንደ ጌታ ታዛለች፥ አንዴ እንደ ወታደር ትፎክራለች። ከበሮውና ጭብጨባው ደግሞ «አሁን መጣ» የሚለውን ነገር ከማንም ቀድሞ ይናገራል። የቴሌቪዥን ድራማ ሙዚቃ ሥራውም ይኸው ነው። ዐይን ያላየውን መምጣት ጆሮ ያበሥራል፥ ወይም ያስፈራራል። እንግዲህ ሌሪስ የዛሩን ቴአትር በብዕር ሲይዙት፥ ሃሊም ኤል ዳብ ድምፁን በሽቦ ያዙት ለማለት ይቻላል።

ብዕሩና ሽቦው ግን እኩል ዕድል አላገኙም። የሌሪስ መጽሐፍ እንዳለ ይነበባል። ከካይሮው ዛር ግን ከሃያ ደቂቃ በላይ ከነበረው ሥራ ለሕዝብ የወጣው ሁለት ደቂቃ ያህል ቁራጭ ብቻ ነው። ስለ ጥበቡ አጀማመር የሚጽፍ ሁሉ የሚያደምጠው ያችኑ ሁለት ደቂቃ ነው።

አዲስ አበባ

ሃሊም ኤል ዳብ በ1950 ለትምህርት ወደ አሜሪካ ሄዱ። ዝነኛይቱ ዳንሰኛ ማርታ ግራሃም በ1958 ላቀረቡት «ክላይተምኔስትራ» ለተባለው ታላቅ ሥራ ሙዚቃውን የጻፉት እሳቸው ናቸው። ኮሎምቢያና ፕሪንስተን የተባሉት ዩኒቨርሲቲዎች በኒው ዮርክ ባቋቋሙት የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ማዕከልም ሠርተዋል። እዚያ በ1959 የሠሩት «ለይላና ባለ ቅኔው» የተባለው ሥራ በምሥራቅ አገር የታወቀውን የለይላንና የመጅኑንን ፍቅር የሚተርክ የድምፅ ድራማ ነው። ተዋናይ አይታይበትም። የሰው ድምፅ በቴፕ ክር ላይ ሲፈጥንና ሲዘገይ፥ ሲቆረጥና ሲደጋገም፥ ታሪኩ በጆሮ ይታያል።

እኚህ ሰው በ1962 ወደ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ፥ ማለት ወደ ዛሬው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ፥ መጡ። የዓለምን አዲስ መሣሪያ ያዩ ሰው ናቸውና ተማሪዎቻቸውን ሁሉ ወደ ኤሌክትሪክ መሣሪያ ይመሯቸዋል ተብሎ ይጠበቅ ይሆናል። እሳቸው ግን ያደረጉት ሌላ ነው። የኢትዮጵያን ሙዚቃ ማጥናት ጀመሩ። በ1963ም በዩኒቨርሲቲው የኪነ ጥበብ ማዕከል «ኦርኬስትራ ኢትዮጵያ» የተባለውን ጓድ አቋቋሙ። ክራር፥ ማሲንቆ፥ ዋሽንት፥ በገና፥ እምቢልታ፥ መለከትና ከበሮ ባንድ መድረክ ላይ ተቀመጡ።

ይህ ነገር ለጊዜው ቀላል ይመስላል። ነገር ግን የማሲንቆ ተጫዋች መሣሪያውን የሚቃኘው በራሱ ጉሮሮ መጠን መሆኑን የሚያውቅ ሰው ችግሩን ይረዳዋል። አዝማሪ ብቻውን አገር ያዞራል፤ ቃኚውም ዘፋኙም እርሱ ነው። እምቢልታ ነፊው ደግሞ ቁመቱ ተቆርጦ ያለቀ መሣሪያ ይዟል፤ ላቅርብህ ላርቅህ ቢሉት እሺ አይልም። እነዚህን ሁሉ ባንድ ቅኝት ማስማማት፥ ደግሞም የመኳንንት ግብር ቤትን፥ የሠርግ ዳስንና የቤተ ክርስቲያንን ደጅ የለመዱትን ባለሙያዎች በዩኒቨርሲቲ መድረክ ጎን ለጎን ማስቀመጥ፥ ጆሮም ትዕግሥትም የሚፈልግ ሥራ ነበር።

ሃሊም ኤል ዳብ በ1964 ከኢትዮጵያ ቢሄዱም ጓዱ አልፈረሰም። ኋላ አቶ ተስፋዬ ለማ መሪነቱን ይዘው ብዙ ዓመት አገለገሉበት፤ በ1969ም «ብሉ ናይል ግሩፕ» በሚል ስም አሜሪካን ዞሮ አሳየ። የጓዱ ጉዞ በ1975 ቢያበቃም የተቀዱት ሙዚቃዎች «ኢትዮፒክስ» በተባለው ተከታታይ እትም 23ኛ ቁጥር ሆነው በ2007 ወጡ። ጓዱ ከተበተነ ከ30 ዓመት በኋላ የተወለደ ወጣት ዛሬ ሊሰማው የሚችለው የቴፕ ክሩ ስለ ቆየ ነው። ሃሊም ኤል ዳብም በ2017 በአሜሪካ በ96 ዓመታቸው ዐረፉ።

ከጣራ ሥር የተገኙት 267 ክሮች

ኦርኬስትራ ኢትዮጵያ በተቋቋመበት በዚያው በ1963 በለንደን ደግሞ ሌላ ሥራ ይሠራ ነበር። የእንግሊዝ ሬዲዮና ቴሌቪዥን ድርጅት ቢቢሲ፥ ለድራማዎቹ እንግዳ ድምፅ የሚሠራለት «ሬዲዮፎኒክ ወርክሾፕ» የተባለ ክፍል ከ1958 ጀምሮ ነበረው። በክፍሉ ከሚሠሩት አንዷ በኬምብሪጅ ሒሳብና ሙዚቃ የተማሩት ዴሊያ ደርቢሻየር ነበሩ። «ዶክተር ሁ» ለተባለው አዲስ የቴሌቪዥን ድራማ ሮን ግሬነር የተባሉት ደራሲ ዜማውን ባንድ ወረቀት ላይ ጽፈው ሰጧቸው።

ሲንተሳይዘር የሚባለው የድምፅ መሣሪያ በዚያ ክፍል ገና አልነበረም። ደርቢሻየር አንዲት የተወጠረች ክር በጣት ሲነጥቋት የሰጠችውን ድምፅና ኦሲሌተር ከሚባለው የኤሌክትሪክ መሣሪያ የወጣውን ሲቃ በቴፕ ቀዱ። የክሩን ፍጥነት በመለወጥ ድምፁን ወፍራምና ቀጭን አደረጉት። ከዚያ እያንዳንዷን ድምፅ በምላጭ እየቆረጡ እንደ ዶቃ ቀጣጠሏት። የቴፕ ክር በሰከንድ 38 ሳንቲ ሜትር የሚሄድ ከሆነ፥ ግማሽ ሰከንድ የምትቆይ ድምፅ 19 ሳንቲ ሜትር ክር ናት ማለት ነው። ስለዚህ የዜማው ምት የሚለካው በማስመሪያ ነው። ግሬነር ውጤቱን ሲሰሙ ራሳቸው የጻፉት ዜማ መሆኑን እስኪጠራጠሩ ድረስ ተደነቁ።

ያም ሆኖ የደርቢሻየር ስም በድራማው መጨረሻ ከሚታዩት ስሞች ጋር አልተጻፈም። የክፍሉ ሠራተኞች በስም አይጠሩም ነበር። ስማቸው በዚያ ድራማ ላይ የታየው በ2013 የ50ኛ ዓመቱ መታሰቢያ ሲቀርብ ነው፤ እሳቸው ግን በ2001 ሞተዋል።

ከሞታቸው በኋላ በቤታቸው ጣራ ሥር 267 የቴፕ ክሮች ተገኙ። ዛሬ የሚጠበቁት በማንቸስተር ዩኒቨርሲቲ ሲሆን ወደ ኮምፒውተር ተገልብጠዋል። ሥራውን ያከበደው ግን የብዙዎቹ ምልክት ወረቀት ሙጫው ደርቆ ወድቆ መገኘቱ ነበር። ድምፁ አለ፤ የምን ድምፅ እንደ ሆነ ግን የሚናገር ወረቀት የለም። ስለዚህ የሚያውቁ ሰዎች ተቀምጠው አንድ በአንድ ማድመጥ አስፈለጋቸው።

የዚሁ ድራማ ሌላ ታሪክ ደግሞ ይበልጥ ያስገርማል። በዚያ ዘመን የምስል ቴፕ ውድ ነበርና የቢቢሲ ሰዎች የብዙ ክፍሎችን ቴፕ እየደመሰሱ ሌላ ነገር ቀዱበት። ከ1960ዎቹ ክፍሎች ብዙዎቹ ምስላቸው የለም። ድምፃቸው ግን ሳይጎድል አለ። ይህም የሆነው አንዳንድ ወጣት ተመልካቾች ድራማው ሲተላለፍ ማይክሮፎናቸውን በቴሌቪዥኑ ፊት አስቀምጠው በቤታቸው ቴፕ ሪኮርደር ስለ ቀዱ ነው። ትልቁ ድርጅት የጣለውን ልጆች አነሡት።

የጋይንት ምስክር

ድምፅን መጠበቅ ለአገራችን፥ ይልቁንም ለዚህ ለምሥራቁ የጎንደር ክፍል፥ እንግዳ ጥበብ አይደለም። በጋይንት ያለው ቤተልሔም የድጓ ማስመስከሪያ መሆኑን የማያውቅ የዜማ ሰው የለም። ተማሪው ድጓን በየትም አገር ቢማር፥ መምህር ለመባል ወደ ቤተልሔም ሄዶ መመስከር ነበረበት። አንዱ ሲያረዝም ሌላው ሲያሳጥር ዜማው እንዳይበታተን፥ ሁሉም ባንድ ቦታ ይታረማል።

ጥበቡ በሁለት እግር የቆመ ነው። አንደኛው በብራናው ላይ ከቃሉ በላይ የሚጻፈው ምልክት ነው፤ በሊቃውንት ታሪክ እንደሚነገረው ይህን ሥርዓት በ16ኛው መቶ ዘመን በአፄ ገላውዴዎስ ጊዜ ያቆሙት አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል ናቸው። ሁለተኛው ደግሞ ምልክቱ እንዴት እንደሚዜም የሚያውቀው ሕያው መምህር ነው። ብራናው ቢኖር መምህሩ ባይኖር ምልክቱ ዝም ይላል፤ መምህሩ ብቻ ቢኖር ደግሞ የሰው ዕድሜ አጭር ነው።

የደርቢሻየር ክሮች የገጠማቸውም ይኸው ነው። ክሩ እንደ ብራናው ነው፤ የወደቀችው ቁራጭ ወረቀት ደግሞ የመምህሩ ቃል ነበረች። የቀዳ ሁሉ ጠበቀ ማለት አይደለም። «በቃል ያለ ይረሳል፥ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» የሚለው የአባቶቻችን ብሂል ለቴፕም ይሠራል። ቴፕ ያለ ጽሑፍ ራሱ በቃል እንዳለ ነገር ነው።

እንግዲህ ምን ይደረግ?

የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥራውን የጀመረው በ1957 ዓ.ም. ነው። ከዚያን ጊዜ ወዲህ በቴሌቪዥንና በሬዲዮ ስንት ድራማ ተላልፏል! በየቤቱም የአባት ካሴት፥ የአያት ሠርግ ዘፈን፥ የሟች አዝማሪ ድምፅ በቆጥና በሣጥን ውስጥ ተቀምጧል። ክር ደግሞ ያረጃል። በፕላስቲኩ ላይ የብረት ዝገት መሰል ዱቄት ያጣበቀው ሙጫ እርጥበት ሲነካው ይለጠጋል፤ ሲያጫውቱት ዱቄቱ እየተፋቀ ይቀራል። ፀሐይ ያጣምመዋል፤ የድምፅ ማጉያ መግነጢስ በአጠገቡ ሲቀመጥ ይደመስሰዋል። ስለዚህ ያለውን ክር ሳይውል ሳያድር መገልበጥ፥ ግልባጩንም በሁለት ልዩ ልዩ ቦታ ማኖር ያስፈልጋል። ዋናው ክር ከተገለበጠ በኋላም አይጣል፤ የነገ መሣሪያ ከዛሬው የተሻለ ሊያነበው ይችላልና።

በስልክ የሚቀዳውም ቢሆን ከዚህ የተለየ ዕድል የለውም። «ድምፅ 47» ተብሎ በስልክ ውስጥ የተቀመጠ የማሲንቆ ዜማ፥ ጣራ ሥር ምልክቱ እንደ ወደቀበት ክር ነው። ማን ተጫወተው? ምንድን ነው? የትና መቼ ተቀዳ? የቀዳውስ ማን ነው? እነዚህን አምስት ነገሮች በተቀዳበት ዕለት መጻፍ አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ከሃያ ዓመት በኋላ ግን በአምስት ዓመት ምርመራ ላይገኙ ይችላሉ። ባለሙያውንም አስቀድሞ ማስፈቀድ፥ ስሙንም መጻፍ ይገባል። ስም ለመጻፍ 50 ዓመት የሚፈጀው ለምንድን ነው?

ለተማሪዎች ደግሞ አንድ ሌላ ዐሳብ አለን። በየትምህርት ቤቱ ያለው ሚኒ ሚዲያ ድራማ ሲያዘጋጅ ለማስፈራሪያውም ለማሳዘኛውም ከባዕድ ፊልም የተቀዳ ሙዚቃ መጠቀም ልማድ ሆኗል። ደርቢሻየር ስለ በረሃ ሰዎች ለተሠራ የቴሌቪዥን ፊልም ከተጠቀሙባቸው ድምፆች አንዱ ከአንድ አረንጓዴ የብረት አምፖል ሽፋን የወጣ ነበር። ሽፋኑን መትተው፥ የምቱን መነሻ ቆርጠው ጥለው፥ የሚያንሳፍፈውን አስቀሩት። ከዚህ የተሻለ የድምፅ ጎተራ በእስቴ፥ በስማዳና በጋይንት የለምን? የእጅ ወፍጮው አለ፤ ሙቀጫው አለ፤ የቡሄ ጅራፍ፥ የበቅሎ ቃጭል፥ የጸናጽል ሽክሽክታ አለ። ከእነዚህም ውስጥ እንደ እጅ ወፍጮው ያለው ከብዙ ቤት እየወጣ ነው። እርሱን ቀድቶ ለአንድ ድራማ ያዋለ ተማሪ ባንድ ድንጋይ ሁለት ወፍ መታ ማለት ነው፤ ድራማው የራሱ ድምፅ ይኖረዋል፥ ድምፁም ከመጥፋት ይድናል።

ለወጣት ሠራተኞች የምንለው ደግሞ አጭር ነው። በባህል ጽሕፈት ቤት ሣጥን ውስጥ ባለቤቱ የማይታወቅ ካሴት ወይም ክር ካለ፥ የሚያውቁት ሽማግሌዎች ሳያልፉ ቁጭ አድርጎ ማሰማትና የሚሉትን መጻፍ የአንድ ሳምንት ሥራ ነው። ግልባጩን ወደ ወመዘክር ወይም ወደ ኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ማድረስም ይቻላል። ከበጀት የሚያስፈልገው ጥቂት ነው፤ የሚበዛው ትጋቱ ነው።

በካይሮ አንዲት ቤት ውስጥ በ1944 የዘፈኑት ሴቶች ስማቸው በየትም አልተጻፈም። ድምፃቸው ግን በሁለት ደቂቃ ሽቦ ላይ እስከ ዛሬ ይሰማል። የእኛ አገር አዝማሪ፥ አልቃሽና ባለ ዋሽንት ከዚያ የተሻለ ይገባቸዋል፤ ድምፃቸውም ስማቸውም አብረው ይቀመጡ ዘንድ።